ለእማዬ፣ ስለ ዓይንሽ

እማዬ፣ እንዴት ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። ልጅቷ ጥርስ አውጥታለች፤ ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች። ሐዋሳ ዝናቡ በርትቷል። የቤት ኪራይ ጨምረውብናል፣ ግን እንደምንም እንወጣዋለን፣ እሱን አታስቢ።

ማሙሽ ደውሎ ፈትሉ እየተበጣጠሰብሽ ነው አለኝ። ሸማኔውም መልሶብሻል አሉ። እጅሽ አይደለም የደከመው እማዬ፣ ዓይንሽ ነው። ያንቺን ማግ ሽሮ ሜዳ ሲሻሙበት አይቻለሁ እኮ። ሞራ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይነሳል፤ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ። ለምን እምቢ እንደምትዪ አውቃለሁ። እንዝርቱን ካስቀመጥሽ የምትበዪው የሚጠፋ ይመስልሻል።

ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ከኔ ደመወዝ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፣ ፋብሪካው 11 ይጨምርበታል። ስወልድ ሕጉ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ሰጥቶኛል። አንቺ ማሙሽን ወልደሽ ገና አራስ ሳለሽ ጥጥ ትዳምጪ ነበር። ዕድሜሽን ሙሉ ሠርተሽ ስምሽ አንድ ወረቀት ላይ የለም፤ ነጠላውን የሚሸጠው አባዬ፣ ብሩም በሱ ኪስ። የኔም ፋብሪካ ገነት ነው አልልሽም። ታርጌቱ ወገብ ይቆርጣል፣ ክፍያው ትንሽ ነው፣ በ2014 አጎዋ፣ ያ ልብሱ ያለቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት ዕድል፣ ሲዘጋብን ደግሞ ስንት ልጆች ተቀንሰው ባዶ እጃቸውን ወደየቤታቸው ሄዱ።

አሁን የምጽፈውን ማሙሽ ሳይዘል ያንብብልሽ። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ማግ የሚያጠነጥን ጠፋ ብለሽ ወደ ማታ ትምህርት አዛወርሽኝ። እሱ በቀን ቀጠለ። እኔ ደክሞኝ ክፍል ውስጥ እተኛ ነበር፣ በመጨረሻም ተውኩት። እዚህ ሱፐርቫይዘር ለመሆን ዲፕሎማ ሲጠይቁኝ ሁሌ ያ ነገር ይመጣብኛል። ችግር እንደነበር ይገባኛል፣ አባዬም እንደሚቆጣ አውቃለሁ፣ ግን አንድ ቀን እንኳ «ልጄ፣ በድዬሻለሁ» ብትዪኝ ምን ነበረበት?

ብሩን በቴሌብር ለማሙሽ ልኬያለሁ፤ ለሕክምናሽ ብቻ ነው፣ ለጤፍ እንዳታደርጊው። ማክሰኞ ይወስድሻል። የጥጥ ነጋዴዋ ዕዳ ካለብሽ ንገሪኝ፣ እኔ እከፍላለሁ። ሲሻልሽ ሐዋሳ ትመጫለሽ። ልጅ ጠብቂልኝ ብዬ አይደለም፤ ለልጅቷ ከፍዬ የምትይዝልኝ ሴት አግኝቻለሁ። አንቺ እንድታርፊ ነው። እሺ በይኝ፣ እሁድ ከፈረቃ ስወጣ እደውላለሁ።