የቦይለሩን ሴፍቲ አትድፈኑት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሺምብጥ ነው የምኖረው። ባለፈው ኅዳር የደረሰብኝን ልጻፍላችሁ ልጻፍላችሁ ስል ከረምኩ፤ በዚህ ሳምንት ጎረቤቴ ያው ነገር ሲገጥማት ግን ዝም ማለቱ ነውር መሰለኝ። ነገሩ የቦይለር፣ የሻወር ውሃ ማሞቂያው ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ምን ቦይለር ያስፈልጋታል የምትሉ ካላችሁ፣ በታኅሣሥ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ልጅ አጥባችሁ ትምህርት ቤት ላኩና እንነጋገራለን። ቀን በፀሐይ የምትጠብሰን ከተማ በዚያ ወር ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ትወርዳለች።

የእኛው ባለ 50 ሊትር ነው። ከገዛነው አምስት ዓመቱ፣ አንድም ቀን ተከፍቶ አያውቅም። መጀመሪያ እንደ ሽሮ መንተክተክ ጀመረ። ቀጥሎ ቀይዋ መብራት ቶሎ ትጠፋለች፣ ውሃው ግን ለብ ብሎ ይቀራል። በመጨረሻ ከሥሩ ያለችው ትንሽ ሴፍቲ ቫልቭ ማንጠባጠብ አመጣች። ሠራተኛ ጠራን። አንድ ወጣት መጥቶ ሁለት ደቂቃ አየና የቫልቯን አፍ በፕላስቲክ ቡሽ ወትፎ፣ በቴፍሎን ጠቅልሎ "አለቀ" አለን። እውነትም ነጠብጣቡ ቆመ። ከፈልነው፣ ቡናም አፈላንለት።

በሁለተኛው ሳምንት ሻወር ስከፍት ቧንቧው ነዘረኝ። ለስለስ ያለ ነው፣ እንደ ጉንዳን። ባለቤቴ "ጫማ አድርገሽ ታጠቢ" አለኝ፤ መፍትሔው ይኼ ነበር እንግዲህ!

በሰው በሰው ሌላ ባለሙያ አገኘሁ፤ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ገና ሲገቡ ብሬከሩን አጠፉ። ቡሹን ሲያዩ ቆሙ።

"ይኼን ማን ደፈነው?"

"ሠራተኛ ነው ጋሼ፤ ያንጠባጥብ ነበር።"

"ልጄ፣ እሱ እኮ የሚተነፍስበት ነው። አፍና አፍንጫሽን ይዤ ሩጪ ብልሽ ትሮጫለሽ?"

ከዚያ አስረዱኝ። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 70 ዲግሪ ሲደርስ አንድ ሊትር ያህል ይጨምራል። ታንኩ ደግሞ አያድግም፣ ቫልቯም ውሃው ወደ መጣበት እንዲመለስ አትፈቅድም፣ ስለዚህ ትርፉን ጠብ ጠብ አድርጋ ታስወጣለች። ሲሞቅ ብቻ ካንጠባጠበ ደህና ነው፤ ቱቦ ቀጥሎ ወደ ፍሳሹ መምራት ነው እንጂ መድፈን አይደለም። ቦይለሩ ጠፍቶ ቀዝቅዞም ማንጠባጠቡን ካላቆመ ነው ቫልቯን የሚቀይሯት፣ ወይም የመስመሩን ግፊት የሚያዩት። ከደፈናችሁትና ሙቀቱ ሲበቃ መብራቱን የሚቆርጠው ቴርሞስታትም አልቆርጥ ካለ ግን ጉዱ ያኔ ነው። በእኛ ከፍታ ድስት ላይ ያለ ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ፈልቶ ይተናል፤ ታፍኖ የተያዘ ውሃ ግን እንደ ፕሬዠር ድስት ከዚያ አልፎ ይሞቃል፣ ታንኩ የተቀደደ ዕለት በአንድ ጊዜ እንፋሎት ይሆናል። እኔ ከዚያ ሥር ቆሜ ነበር ፀጉሬን የምታጠበው።

ክዳኑን ፈተው ውሃውን የሚያሞቀውን ብረት፣ ሬዚስታንሱን ሲያወጡት አላወቅኩትም። እንደ ደረቀ ሊጥ ያለ ነጭ ቅርፊት ለብሶ ክንድ አክሏል። ቴርሞስታቱ የሚገባበትም ቱቦ አብሮ ተጋግሯል፤ ለካ ሙቀቱ እዚያው ታምቆ ነው ቶሎ የሚቆርጠው። ከታንኩ ሥር ግማሽ ጆግ የሚሆን የኖራ ስብርባሪ ዘረገፉ። አንድ ቦታ ሬዚስታንሱ ተሰንጥቋል፤ ንዝረቱ የመጣው ከዚያ ነው። ያፈተለከውን መብራት ወደ መሬት የሚወስደው የኧርዝ ሽቦስ? መጀመሪያ የገጠመው ሰው ቆርጦ በፕላስተር ጠቅልሎታል! ታንኩ እንዳይዝግ በራሱ ላይ ዝገቱን የሚቀበለው የማግኒዚየም ዘንግ ደግሞ አልቆ ሽቦው ብቻ ቀርቷል። እሱ በጊዜ ቢቀየር ታንኩ ብዙ ይቆያል፤ ግን መኖሩን ራሱ ስንቶቻችን እናውቃለን?

ጋሼን ሳላስቸግር አልቀረሁም፣ ያልጠየቅኳቸው የለም። ብሬከሩ እንደበራ ወዲያው ከወደቀ አብዛኛውን ጊዜ ሬዚስታንሱ ተሰንጥቆ ውሃ ገብቶታል፤ ደጋግሞ ማንሳት አያስፈልግም፣ ባለሙያ መጥራት ነው። መብራቷ በርታ ውሃው ጭራሽ ካልሞቀ ሬዚስታንሱ ተቃጥሏል፣ ወይም የሽቦው ማሰሪያ ላልቷል። ውሃው ከደፈረሰ ቀዝቃዛውን ቧንቧ ክፈቱ፤ እሱም ከደፈረሰ የከተማው መስመር ነው፣ ሙቁ ብቻ ከሆነ ታንኩ ነው። ከክዳኑ ዙሪያ የሚፈስ ጎሚኒ ቢቀየር ይድናል፣ ከታንኩ አካል የሚፈስ ግን አይድንም። ባለ 1500 ዋቱ 50 ሊትሩን ከ20 ወደ 60 ለማድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። ማታ መብራቱ ደክሞ ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ከወረደ ግን ጉልበቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ ስለሚወርድ፣ ያን ጊዜ ቦይለሩን አትውቀሱት።

ውሃ ጠፍቶ ሲመጣም አትቸኩሉ። ቫልቯ ካረጀች የታንኩ ውሃ ወደ መስመሩ ተመልሶ ሊያልቅ ይችላል፣ ባዶውን ከበራ ደግሞ ሬዚስታንሱ በደቂቃዎች ይቃጠላል። መጀመሪያ የሙቁን ቧንቧ ከፍታችሁ አየሩን እየተፋ ጨርሶ ደህና እስኪወርድ ጠብቁ፣ ከዚያ አብሩ።

የእኛው ሬዚስታንስ፣ ጎሚኒ፣ ዘንግና ቫልቭ ተቀየረለት፣ ታንኩ ታጠበ፣ ኧርዙ ታሰረ። የቀረውን ቅርፊት በአቼቶ ዘፍዝፈው አራገፉት። ሁለት ሰዓት አልፈጀም። በዓመት አንዴ እንዲህ ቢደረግ ኖሮ ከአቼቶና ከጎሚኒ በላይ ወጪ ባልነበረው።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ተከራይ ናት። አከራይዋ "ቦይለር ያለው ቤት" ብለው ጨምረው ነው ያከራዩዋት፣ ስትነግራቸው ግን "ይሠራል አይደል?" አሏት። ሄጄ አየሁት። የሷም ቫልቭ ተደፍኗል፣ የሷ እንዲያውም በእንጨት፣ የተሰካውም ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ከያዘ ዲቫይደር ላይ ነው። ባለ 2000 ዋት ቦይለር ብቻውን 9 አምፔር ገደማ ይስባል፤ የዲቫይደሩ ጫፍ ጠቁሯል። እባካችሁ አከራዮች፣ ቤት ከማከራየታችሁ በፊት አስከፍቱት። ሻጮችም "ገጣሚ አለን" ስትሉ የምትልኩት ልጅ ኧርዝ ቆርጦ እንደማይመለስ አረጋግጡ። ቴስተር፣ የመብራት መፈተሻውን ይዞ ያልመጣን ሠራተኛ እኔ ከአሁን በኋላ በር አላስገባም፤ ቡናውንም ሥራውን ካየሁ በኋላ ነው የማፈላው።

ትናንት የጎረቤቴን ነቅለን አጥፍተነዋል። ጋሼ ቅዳሜ ይመጣሉ። እስከዚያ ድስት ጥደን እያሞቅን ነው።

አንባቢያችሁ
ከሺምብጥ፣ ባሕር ዳር