ስኳር የሌለው መጠጥ ነው ወንድሜን የጣለው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ይህን የምጽፈው ባለፈው የጤና አምዳችሁ ስለ መጠጥና ስለ ስኳር ሕመም ያወጣችሁትን አንብቤ ነው። ቢራ ስኳር ይጨምራል፣ ውስኪና ቮድካ ግን ስኳር ስለሌላቸው ይሻላሉ ትላላችሁ። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ሰው ይገድላል። እያጋነንኩ አይደለም፣ ወንድሜ ለጥቂት ነው የተረፈው።

ወንድሜ የስኳር ሕመም አለበት፣ ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን ይወጋል። አንድ ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ወጣና ቢራ ስኳሬን ይሰቅለዋል ብሎ ውስኪ በውሃ ጠጣ፣ አራት መለኪያ። እራት አልበላም። ቤት ገብቶ ሲለካ 160 አለው፣ ደስ ብሎት ተኛ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሚስቱ ስትነቃ አንሶላው በላብ ርሷል። ስትጠራው ምላሱ ተሳስሮ የሚለው አይገባም፣ እጇንም ይገፋታል። ሰክሯል፣ ይተኛና ይለፍለት ብላ ልትተወው ነበር። ግን ልቧ እምቢ አላትና ጣቱን ወግታ ለካችው። ስኳሩ ክፉኛ ወርዶ 41! ደግነቱ ገና መዋጥ ይችል ስለነበር ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣችው።

ውስኪው ውስጥ አንዲት ግራም ስኳር አልነበረም። ታዲያ ምን ነካው? ነገሩ ያለው ጉበት ጋ ነው። ምግብ ሳንበላ በምንቆይበት ሰዓት፣ በተለይ ሌሊት፣ ደማችን ውስጥ ስኳር የሚለቀው ጉበት ነው፤ ካከማቸው ይለቃል፣ ሲያልቅበት ደግሞ አዲስ ይሠራል። አልኮል ሲመጣበት ግን ቅድሚያውን ለእሱ ይሰጥና አዲስ ስኳር መሥራቱን ይቀንሳል። ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው ያከማቸው ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ያልቅበታል፣ የተወጋው ኢንሱሊን ግን ሥራውን አያቆምም። ጉበት በሰዓት የሚያቃጥለው ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ አልኮል ነው። አንድ 40 ሚሊ ሊትር ውስኪ ውስጥ ወደ 13 ግራም አለ። አራቱን አስሉት፣ ሌሊቱን ሙሉ ማለት ነው። ስኳሩ በማግስቱም ሊወርድ ይችላል፣ እስከ 24 ሰዓት ድረስ። ስኳር ሲወርድ የሚወጋው የግሉካጎን መርፌም ቢሆን የሚሠራው ጉበት ያከማቸውን እንዲለቅ በማድረግ ስለሆነ፣ ከመጠጥ በኋላ በደንብ ላይሠራ ይችላል።

ቢራ ደግሞ ሁለት ፊት አለው። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 10 ግራም ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ወደ ስኳር የሚለወጥ ካርቦሃይድሬት ስላለው መጀመሪያ ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ አልኮሉ ግን ቆይቶ ሊያወርድ ይችላል። ስለዚህ ማታ ከፍ ብሎ ያየ ሰው ኢንሱሊን ጨምሮ ከተወጋ ሌሊት ጉድ ይፈላል። ደረቅ ወይን ስኳሩ ጥቂት ነው፣ ጣፋጭ ወይን ግን ብዙ አለው። ጂን በቶኒክ የሚጠጡ ሰዎች ደግሞ ቶኒክ መራራ ስለሆነ ስኳር ያለው አይመስላቸውም፤ መደበኛው ቶኒክ ከለስላሳ መጠጥ ብዙም አይተናነስም።

መጠጥ ያወፍራል ብላችሁ የጻፋችሁት ደህና ነው። አንድ ግራም አልኮል 7 ካሎሪ አለው፣ ስብ 9 ነው፤ አልኮሉ እስኪቃጠል ስቡ በአብዛኛው ሳይነካ ይቆያል።

አደጋው መርፌ ለሚወጉ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ግሊቤንክላማይድና ግሊሜፒራይድ የሚባሉትን የስኳር ክኒኖች የሚውጡም፣ ክኒኑ ቆሽታቸውን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ስለሚገፋፋ ስኳራቸው ሊወርድ ይችላል።

ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ለቤተሰብ አንድ መስመር አለመጻፋችሁ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የተኮላተፈ ንግግር፣ ግራ መጋባት፣ ይሄ ሁሉ ስካር ይመስላል። አፉም መጠጥ መጠጥ ይሸታል። ማን ይጠረጥራል? ስለዚህ ስኳር ያለበት ሰው ጠጥቶ እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ ይለካ። ከ70 በታች ከሆነና መዋጥ ከቻለ ስኳር ይሰጠው። ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም አይጨመር፣ ቶሎ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ወንድሜ አሁን ከጠጣ በልቶ ነው፤ ሳይለካ አይተኛም፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚቀሰቅሰው ማንቂያም ይሞላል። ሚስቱ ግን እስከ ዛሬ በነቃች ቁጥር አንሶላውን በእጇ ትዳብሳለች።

እርማቱን በዚያው አምድ፣ በዚያው ስፋት አውጡልን። ያንን ጽሑፍ አንብቦ ዛሬ ማታ ከቢራ ወደ ውስኪ የሚቀይር ሰው ይኖራል።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ