ለአማርኛ የያስ ጨዋታ መምሪያ ኅትመት የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በስዊዘርላንድ የምትኖሩ የተከበራችሁ ወገኖቻችን፤

በጀርመንኛ ተናጋሪው የአገሪቱ ክፍል የምትኖሩ ሁሉ እንደምታውቁት፣ በየመንደሩ መጠጥ ቤትና በየአረጋውያኑ መኖሪያ አራት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት ካርታ ያስ ይባላል። በኔዘርላንድ ያገለገሉ ቅጥር ወታደሮች ይዘውት እንደመጡ ይነገራል፤ በጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠቅሶ የሚገኘውም እ.ኤ.አ. በ1796 በሻፍሃውዘን ግዛት ሁለት ገበሬዎች ወይን አስይዘው ሲጫወቱ በተከሰሱበት መዝገብ ነው።

ብዙዎቻችን ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ሲጋብዘን «አልችልም» ብለን ዳር የምንቀመጠው ደንቡን በቋንቋችን ያስረዳን ስለሌለ ነው። 36ቱ ካርታዎች ለአራት ሰው ዘጠኝ ዘጠኝ ይታደላሉ፤ ፊት ለፊት የተቀመጡት አጋር ሆነው ይጫወታሉ፤ ከአራቱ የካርታ ዓይነቶች አንዱ ትሩምፍ ተብሎ ሲመረጥ ሌሎቹን ሁሉ ይበልጣል። አዲስ ተጫዋች ግራ የሚጋባው ትሩምፉ ላይ ነው። በሌሎቹ ዓይነቶች አስና ንጉሥ ከላይ ሲሆኑ፣ በትሩምፍ ግን ጃኩ በ20 ነጥብ አስንም ንጉሥንም ይበላል፣ ዘጠኝ ቁጥሯም በ14 ነጥብ ተከትላው አስን ትበልጣለች። ይህን ያልሰማ ሰው የትሩምፍ አሱን ተማምኖ ጥሎ በዘጠኝ ሲነጠቅ የአጋሩ ፊት እንዴት እንደሚጠቁር ያየ ያውቀዋል።

የማኅበራችን አባላት ደንቡን በአማርኛ አዘጋጅተው ጨርሰዋል። የቀረው ኅትመቱ ሲሆን፣ ወጪውን ያበዛው ሥዕሎቹ በቀለም መውጣት ስላለባቸው ነው። በዙሪክና በሉሰርን ካርታው ላይ ያሉት ምልክቶች ጽጌረዳ፣ ቃጭል፣ የባሉጥ ፍሬና ጋሻ ሲሆኑ፣ በበርን ግን እኛም የምናውቃቸው እነ ልብና ስፔድ ናቸው፤ ከዙሪክ ወደ በርን የሚዛወር ሰው ሁለቱንም ማወቅ ስለሚኖርበት መምሪያው ሁለቱንም ጎን ለጎን ያሳያል።

ካርታ ሲባል ቁማር የሚታያችሁ አባቶችና እናቶች ስጋታችሁ ይገባናል። በምናዘጋጃቸው የመለማመጃ ምሽቶች ገንዘብ አይያዝም፤ የተሸነፈ ቡና ይጋብዛል፣ ያም ቢሆን በፈቃዱ ነው።

ስለዚህ ለኅትመቱ፣ ለካርታ መግዣና ለአዳራሽ ኪራይ የምትችሉትን እንድታዋጡ በአክብሮት እንጠይቃለን። መዋጮውን የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ በደረሰኝ ይቀበላሉ፤ የወጪው ዝርዝርም በጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል። ገንዘብ ማዋጣት የማይመቻችሁ፣ ነገር ግን ያስ የምትችሉ፣ አንድ ምሽት መጥታችሁ ብታስተምሩ ወይም የሚያውቅ ጎረቤት ይዛችሁ ብትመጡ እንደ መዋጮ እንቆጥረዋለን።