የቅዳሜው ኳሳችንን በተመለከተ

ውድ የጤና ቡድናችን አባላት፣

ከፊታችን ቅዳሜ ጀምሮ የምንገናኘው ከጠዋቱ 12፡30 ነው፤ ጃን ሜዳ፣ የተለመደው ቦታ። ጨዋታው ግን ከ1 ሰዓት በፊት አይጀመርም። ግማሽ ሰዓቱ ለማሟሟቂያ ነው። "እኛ የመጣነው ለኳስ ነው" የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ባለፈው ወር ግን ሁለት ሰው ባታቸውን ይዟቸው ደግፈን ነው ያወጣናቸው። ሁለቱም ከመኪና ወርደው ቀጥታ ሜዳ የገቡ ናቸው። ከ40 በኋላ ጅማት እንደ ድሮው ቶሎ አይፍታታም። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል።

ደረቱን የጨመቀው ወይም ያዞረው ሰው ወዲያው ይውጣ። ለቡድኑ ብሎ መታገስ የለም። ግፊት ወይም ስኳር ያለባችሁ ለአሰልጣኙ በግል ንገሩት።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። የቅዳሜዋ ኳስ ብቻዋን አትሞላውም። በመሃል ሁለት ቀን በእግር ሂዱ። (ከኳስ በኋላ የምንቆርጠው ጥሬ ሥጋ እንቅስቃሴ ተብሎ አይቆጠርም።)

ጉልበቱ እምቢ ያለው ቤት አይቅር። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረ፣ ሩጫ የተከለከለበት፣ እየተራመዱ የሚጫወቱት ኳስ አለ። እኛም በሜዳው ጥግ ልንሞክረው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከቤት የማይወጣ ጓደኛ ያላችሁ ይዛችሁት ኑ። ባይጫወት እንኳ ሻይ ይጠጣል። ማሊያ አለ።

የቡድኑ ጸሐፊ