አዲሱ ማጓጓዣው እንጂ መድኃኒቱ አይደለም

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፣

ነባር አንቲባዮቲክን በቅርንጫፋም ፖሊመር አሟሙቶ ስለሚይዝ የቁስል ጄል ያወጣችሁት ዘገባ እዚህ ደብረ ሲና ደርሷል። አንድ ወጣት ስልኩን በመድኃኒት ቤቱ መስኮት አሾልኮ «ይህን አዲስ አንቲባዮቲክ ስጪኝ» አለኝ። አዲስ አንቲባዮቲክ የሚባል ነገር በዘገባው ውስጥ የለም፤ ያሳሳተው ርዕሳችሁ ነው።

ወጣቱን የላኩትን አባቱን አውቃቸዋለሁ። በአጨዳው ሰሞን ማጭድ እግራቸውን ቆርጧቸው መጥተው ከኪሳቸው ከጭራው የተጠቀለለ የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት አወጡ። ቁስሉን በእሱ ሲቀቡት ሰንብተዋል። «አባባ፣ ይህ እኮ የዓይን ነው» ብላቸው «ልጄ፣ ለዓይን የታመነ ለእግር ያንሳል?» አሉኝ። ስቄ ዝም አልሁ እንጂ ጥያቄያቸው የዋዛ አልነበረም። ቅባቱ የተለወሰው በቫዝሊን መሰል ነገር ነው፤ ከሚያዥ ቁስል ጋር አይዋሃድም። መድኃኒት በምን እንደተለወሰ ትልቅ ነገር ነው።

ጄል አብዛኛው ውኃ ነው። ችግሩ ብዙ አንቲባዮቲክ በውኃ እንደ ልብ አለመሟሟቱ ነው። ቅርንጫፋሙ ፖሊመር የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ፖሊመር ማለት ብዙ ትንንሽ ሞለኪውሎች ተቀጣጥለው የሚሠሩት ትልቅ ሞለኪውል ነው። ተራው ፖሊመር እንደ ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ ሲረዝም ዴንድሪመር የሚባለው ቅርንጫፋሙ ግን እንደ ዋርካ ነው፤ ስሙም «ዛፍ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ኬሚስቱ ዶናልድ ቶማሊያና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 ያስተዋወቁት ፓማም የተባለው ዴንድሪመር በየትውልዱ፣ ማለትም አዲስ የቅርንጫፍ ንብርብር በተጨመረ ቁጥር፣ ጫፎቹ እጥፍ ይሆናሉ፤ አራተኛው ትውልድ 64፣ አምስተኛው 128 ጫፎች አሉት። የአራተኛው ስፋት 4.5 ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ገደማ ብቻ ነው። ውኃ የሚሸሸው መድኃኒት በቅርንጫፎቹ መካከል ይጠለላል። ናዲፍሎክሳሲን የተባለው የቆዳ አንቲባዮቲክ ከፓማም ጋር ሲቀላቀል በተሻለ እንደሚሟሟ በላቦራቶሪ ታይቷል።

ደስ የሚል ሥራ ነው፤ እኔም ወድጄዋለሁ። ሆኖም የፓማም ጫፎች የያዙት አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል የባክቴሪያን ሽፋን እንደሚበሳ ሁሉ የሰውንም ሕዋስ ሊጎዳ ይችላል፤ ተመራማሪዎች ጫፎቹን በሌላ ነገር መሸፈን የያዙት ለዚህ ነው። ደግሞም መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ ማጓጓዣው ስላማረ ብቻ አይሸነፍም። ሌላ ጊዜ ስትጽፉ የትኛው አንቲባዮቲክ እንደሆነ፣ የተሞከረውም በብልቃጥ፣ በእንስሳ ወይስ በሰው ላይ እንደሆነ ከላይ አስቀምጡልን።

ወጣቱን አባቱን ጤና ጣቢያ ወስዶ ቁስሉን እንዲያሳጥብ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም እንዲጠይቅ ነግሬ ሸኘሁት። «ጄሉ ሲመጣ ግን አስቀምጪልኝ» ብሎኝ ሄደ።

የመድኃኒት ቤት ባለሙያ
ከደብረ ሲና፣ ሰሜን ሸዋ