ሲዲው አልተበላሸም

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፦

እንደምን ሰነበታችሁ? ከፋሲካ ወዲህ ወደ ሱቃችን የተመለሱት ሲዲዎች አብዛኞቹ የጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ የባኽ ናቸው። ቅሬታውም አንድ ዓይነት ነው፦ «ፍጥነቱ ቀንሷል መሰለኝ፣ ድምፁ ወርዷል።» የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ምንም ሳንጠይቅ በአዲስ ለወጥናቸው። አዲሶቹም ወርደው ተገኙ! ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሣነው ያን ጊዜ ነው።

ነገሩን በትክክል የነገረችን በቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ የምትጫወት ደንበኛችን ናት። ባኽ ለመዘምራንና ለመሣሪያዎች የደረሰውን የቢ ማይነር ቅዳሴ ከፍታ አብራ ልትጫወት ስትል ሁሉም ነገር በግማሽ ቶን (በኪቦርድ ላይ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ባለው ርቀት) ዝቅ አለባት። ጆሮዋ አልሳተም። ዛሬ ኪቦርዳችሁ ላይ ያለው «ላ» የተባለው ድምፅ በሴኮንድ 440 ጊዜ ይርገበገባል። በጥንቱ ዓይነት መሣሪያ የሚጫወቱ ቡድኖች ግን አብዛኛውን ጊዜ 415 ላይ ይቃኙታል፤ ልዩነቱ ግማሽ ቶን ነው። አብሮ መጫወት የሚፈልግ የኪቦርዱን ቅኝት የሚቀይረውን ትራንስፖዝ በአንድ ዝቅ ያድርግ፣ በቃ። (415 ራሱ የዛሬ ሙዚቀኞች ለሥራ እንዲመቻቸው የተስማሙበት ቁጥር ነው። በባኽ ዘመን ቅኝቱ ከከተማ ከተማ ይለያይ ነበር።)

ኦርጋን ላይ ስንደርስ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሃምቡርግ በሚገኘው የቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ሠሪው አርፕ ሽኒትገር እ.ኤ.አ. በ1693 ሠርቶ የጨረሰው ኦርጋን ከኪቦርዳችሁ በአንድ ሙሉ ቶን ገደማ ከፍ ይላል። በላይፕዚግም የባኽ ኦርጋን ከሌሎቹ መሣሪያዎች በላይ የተቃኘ ስለነበር፣ ሌሎቹ በኢ ማይነር ሲጫወቱ የኦርጋኒስቱ ወረቀት አንድ ቶን ዝቅ ብሎ በዲ ማይነር ይጻፍለት ነበር።

የሃምቡርጉ ኦርጋን ብዙ አይቷል። የፊት ለፊት ቧንቧዎቹ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጦር መሣሪያ ተብለው ቀልጠዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የቀሩት ቧንቧዎች አስቀድመው ተነቅለው ስለተደበቁ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሲደበደብ እነሱ ተረፉ። ጥገናው ያለቀው በ1993 ነው። በእንዲህ ያለ ኦርጋን የተቀዳ ሲዲ ውስጥ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ነገር ከሰማችሁ ጭረት አይደለም፤ ጣት የሚነካውን ቁልፍ ከቧንቧው መዝጊያ ጋር የሚያገናኙት ቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች ሲንቀሳቀሱ ነው። ትራኩ ሲያልቅ የሚቀረው ዝምታም የቤተ ክርስቲያኑ ማስተጋባት ቀስ ብሎ እስኪጠፋ የተተወ ጊዜ ነው። እባካችሁ ወደሚቀጥለው ለመዝለል አትቸኩሉ።

ሌላው ቅሬታ «መዘምራኑ የት ሄዱ?» የሚል ነው። የሙዚቃ መሪው ጆሹዋ ሪፍኪን በ1980ዎቹ መጀመሪያ የቢ ማይነሩን ቅዳሴ ሲያስቀዳ ለእያንዳንዱ የድምፅ ክፍል አንድ ዘማሪ ብቻ አቆመ። የሌላው መሪ የካርል ሪክተር የ1961 ቅጂ ደግሞ ትልቅ የመዘምራን ቡድን አለው፣ መሣሪያዎቹም ዘመናዊ ናቸው። ባኽ ራሱ በ1730 ለላይፕዚግ ከተማ ምክር ቤት በጻፈው ማስታወሻ ለአንድ የመዘምራን ቡድን ቢያንስ 12፣ ቢሆን ደግሞ 16 ሰው ጠይቋል። ሪፍኪን የተመረኮዘው እስከ ዛሬ በቆዩት የዘማሪዎች ወረቀቶች ላይ ነው፤ ክርክሩ ገና አልበረደም። በሱቃችንም ውስጥ አንዳችን ከሪክተር ውጪ አልሰማም ሲል ሌላችን ሪፍኪንን ከሰማ በኋላ ትልቁ ቡድን ጭጋግ ይመስለዋል። ለፋሲካ ቤት ሙሉ እንግዳ ላለው ሪክተር፣ ብቻውን በጆሮ ማዳመጫ ለሚሰማ ሪፍኪን ይሻላል ብለን ተስማምተናል።

ከእንግዲህ በእያንዳንዱ ሲዲ ሽፋን ላይ ቅኝቱን፣ የመዘምራኑን ብዛትና የኦርጋኑን ቦታ በትንሽ ወረቀት እንለጥፋለን፤ ድሮም ልናደርገው ይገባ ነበር። የሚዘል፣ የሚንተባተብ ወይም ጭራሽ የማይነበብ ሲዲ ከገጠማችሁ ግን መልሱልን፤ የፖስታውን ወጪ እኛ እንችላለን። ከመላካችሁ በፊት ደውላችሁ ስንተኛው ትራክ ላይ እንደሆነ ብቻ ንገሩን።

ከአክብሮት ጋር
የሱቁ ባልደረቦች