የጎደለችው «ለ»

ልጄ፣

ትናንት ማታ አንድ ቃል ላረጋግጥ መዝገበ ቃላቱን ስከፍት ከገጾቹ መካከል ቁራጭ ወረቀት ወደቀች። 9 ዓመትሽ ሳለ ጎረቤት ስትሄጂ ረከቦቱ ላይ ትተሽልኝ የሄድሽው ማስታወሻ ነው። እንዲህ ይላል፦ «እማዬ ልብሱን አጥቤ አሰጥቻሁ። ዝናብ ከመጠ አስገባሁ። አትቆጭ።»

ከጽሑፍሽ በላይ ደምቆ የሚታየው ግን የእኔ ቀይ እስክሪብቶ ነው። አምስት ቦታ አክብቤበታለሁ። የዚያን ቀን ከሥራ የተመለስኩት ዝናብ እየደበደበኝ ነበር። ልብሱ ገመዱ ላይ እንደተሰጣ በስብሷል፤ ወረቀትሽ ደግሞ «አስገባሁ» ይላል። ስትመጪ «ውሸት ደግሞ ጀመርሽ?» ብዬ ተቀበልኩሽ። አንቺ ልትጽፊ የፈለግሽው «አስገባለሁ» ነበር። አንዲት «ለ» ብትጎድል ያላለቀው ሥራ ያለቀ መሰለ፤ አንቺም ውሸታም ሆንሽ። የ9 ዓመት ልጅ ሳትታዘዝ የቤቱን ልብስ ማጠቧን ግን አላየሁም። ስህተት መልቀም እንጀራዬ ነው፤ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ሆኜ 17 ዓመት ሠርቻለሁ። ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

በዚያ ሰሞን የአማርኛ ደብተርሽን ስመለከት የቃል ጽሕፈቱ አንድ ገጽ ላይ «ትምህርት» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ጽፈሽዋል። አንዱ «ትምርት»፣ አንዱ «ትህምርት»፣ አንዱ ደግሞ ትክክል። መምህርሽ ከሥሩ «ብትፈልግ ትችላለች» ብለው ጽፈዋል፤ እኔም በሙሉ ልቤ ተስማማሁ። አንድ ጊዜ በትክክል የጻፈችውን ሁለተኛ ጊዜ የምታበላሸው ካልተዝረከረከች በምን ሊሆን ይችላል? ስለዚህ እያንዳንዱን የተሳሳትሽውን ቃል ሃያ ሃያ ጊዜ አስገለበጥኩሽ። ሃያኛው ከመጀመሪያው የባሰ ይሆን ነበር። ይህ ራሱ አንድ ነገር ሊነግረኝ ይገባ ነበር።

10 ዓመት ሲሞላሽ የልጆች የአእምሮ ሐኪሟ ያንኑ ገጽ አይታ ነገሩን ገለበጠችው። «ባታውቀው ኖሮ ሦስቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጋ ትሳሳት ነበር» አለችኝ። እንደ እሷ አባባል፣ ቃሉ ጭንቅላትሽ ውስጥ አለ፤ በተፈለገበት ቅጽበት እጅሽ ዘንድ በሰዓቱ አይደርስም። አንድን ነገር እየሠራን ሌላውን ለአፍታ የምንይዝበት የሥራ ትውስታ የሚሉት ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ እንደ አንቺ ኤዲኤችዲ፣ ማለትም ትኩረትን ሰብስቦ የመያዝ ችግር፣ ያለባቸው ልጆች ላይ ይኸው ይደክማል። እኔ በእፍኝ እንደተያዘ ውኃ አድርጌ ነው የተረዳሁት። መምህሩ ዓረፍተ ነገሩን ይናገራሉ፤ አንቺ በእፍኝሽ ትይዢዋለሽ፤ የ«በ» ጭረት ከወገቡ ነው ከእግሩ፣ ወይስ ቀለበት ነው የሚደረግለት ብለሽ «ቡ»ን፣ «ቢ»ን እና «ቤ»ን ስትለዪ ውኃው በጣቶችሽ መካከል ይፈስሳል። ፊደላችን 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ልዩነቱ ሁሉ ያለው እነዚያ ጥቃቅን ጭረቶች ላይ ነው። በእንግሊዝኛማ ቢላዋን ስትጽፊ ማንም የማይጠራት ኬ ከፊት ትቆማለች፤ እሱን ሌላ ቀን እናማው።

እስከ 10 ዓመትሽ ያልታወቀልሽ ጸጥ ያልሽ ልጅ ስለሆንሽ ነው። ዴስክ ላይ የሚዘል ወንድ ልጅ በሳምንቱ ወላጅ አምጣ ይባላል። አንቺ በመስኮት የምታይ «ፈዛዛ» ነበርሽ፤ ፈዛዛን ደግሞ ማንም ሐኪም ቤት አይወስድም። አያትሽ ጠበል ወሰደችሽ። ቀዝቃዛውን ውኃ ሲያፈስሱብሽ እየሳቅሽ መመለስሽን አሁንም እየነገረች ትስቃለች፤ እኔም አልተቃወምኩም።

ሐኪሟ ዘንድ ከሄድን በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። አሜሪካ ውስጥ ሚኒሶታ ግዛት ሮቸስተር ከተማ ከ1976 እስከ 1982 እ.ኤ.አ. የተወለዱ ልጆችን የተከታተለ አንድ ጥናት በ2011 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ኤዲኤችዲ ካለባቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ ወንዶቹም ሴቶቹም፣ የጽሑፍ ችግር ነበረባቸው። ብቻሽን አይደለሽም ልልሽ አይደለም፤ ይህ ለአንቺ ብዙም አይፈይድሽም። እኔ ግን ያን ሌሊት ያስገለበጥኩሽን ሃያ ሃያ መስመር ስቆጥር አደርኩ።

ከጥናቱ ይልቅ አንጀቴን የበላው አጎትሽ ነው። ጋራዡን ዘግቶ ሊጠይቀን በመጣ ጊዜ ደብተርሽን ጠረጴዛው ላይ አየው፤ ዘይት የነካው ጣቱን እንዳያስነካው እየተጠነቀቀ በክርኑ ገለጠው። ብዙ ዝም አለና «ይኼ የእኔ ደብተር ነው» አለ። ነገሩ በዘር እንደሚወርድ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። እሱ በልጅነቱ ስለ ፊደል ስህተት እጁ በማስመሪያ ተመትቷል፤ ደንቆሮ ተብሎ 8ኛ ክፍል ላይ አቁሟል። ዛሬ የሞተር ድምፅ ሰምቶ በሽታውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ለደንበኞቹ ግን እስካሁን አንድ መስመር አይጽፍም፣ በድምፅ መልእክት ብቻ ነው የሚነጋገረው። አብረን ነው ያደግነው። ስሙን የሚያሳስት ሰነፍ ነው ብዬ ስቄበታለሁ።

መድኃኒቱ ረድቶሻል፤ ሐሳብሽን ሰብስበሽ እንድትቀመጪ እንጂ ፊደል አላስቆጠረሽም። የረዳን ሌላ ነገር ከእኔው ሥራ የመጣ ነው፤ ቀድሞ ባለማሰቤ አፍራለሁ። ማተሚያ ቤት ውስጥ የራሱን ጽሑፍ ራሱ የሚያርም ሰው የለም። በቀደመው ጊዜ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብባል፣ ሌላው በዓይኑ ይከተላል። አሁን እኛም እንዲሁ ነን፤ አንቺ የፈለግሽውን ትጽፊያለሽ፣ ስህተት ማሰብ ክልክል ነው፤ በኋላ እኔ የጻፍሽውን እንዳለ፣ ሳላቃና አነብልሻለሁ። «ዝናብ ከመጠ» ስል ትስቂና ራስሽ «ጣ!» ትያለሽ። ጆሮሽ ከእጅሽ ይፈጥናል። ብቻሽን ስትሆኚ ደግሞ ከመጨረሻው ቃል ወደ መጀመሪያው፣ ከሥሩ ማስመሪያ አድርገሽ አንብቢ፤ ታሪኩ ይዞሽ አይሄድም። 10 ደቂቃ ከሠራሽ ተነሺና ውኃ ጠጪ። አዲሷ መምህርት ለሐሳቡና ለፊደሉ የተለያየ ማርክ ልትሰጥሽ ተስማምታለች፤ በፈተናም ጊዜ ትጨምርልሻለች።

አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። በቀይ ካከበብኩብሽ ሁሉ ግማሹ ስህተት አልነበረም። በሀሌታው ሀ ጻፍሽው በሐመሩ ሐ፣ በእሳቱ ሰ ጻፍሽው በንጉሡ ሠ፣ እኛ አራሚዎቹም ቢሮ ውስጥ ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንጨቃጨቅበታለን። ያ ወረቀትሽ የወደቀበት የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ርዕሱ ላይ «ዐዲስ» ብሎ በዐይኑ ዐ ጽፏል፤ ጋዜጦቻችን በአልፋው አ ይጽፋሉ። በአንቺ ላይ ብቻ ነበር እርግጠኛ የሆንኩት።

ደግሞ አምስተኛው ስህተትሽ። «አትቆጪ» ልትዪኝ ፈልገሽ «አትቆጭ» ብለሻል። ያ ሌላ ቃል ነው፣ ጸጸት ነው የከለከልሽኝ። አልታዘዝኩሽም።

ለነገ ስለ አያትሽ ድርሰት አለብሽ። ትናንት እራት ላይ ስለ ጠበሉ ለአጎትሽ ስትተርኪለት ሩብ ሰዓት ሙሉ አላቆምሽም፤ ወረቀት ሲሰጥሽ ሦስት መስመር ነው። እኔ ሽሮውን ሳማስል አንቺ ወጥ ቤት ሆነሽ አውሪ፣ በስልክ እንቀዳዋለን፣ ከዚያ እያቆምን እያስኬድን ትጽፊዋለሽ። ስልኩን ቻርጅ ላይ መሰካት እንዳትረሺ፤ ከረሳሽም እኔ አስታውስሻለሁ፣ እኔም ከረሳሁ በወረቀት ጽፈሽ ረከቦቱ ላይ ተዪልኝ።

እናትሽ